ካቺኒን ስትዘፍኚ ሉቱ ምን ያህል ይጫወት?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ መልሱ ግን ረዘም ስለሚል ታገሺኝ። ሌሎቹም እንዲከታተሉት ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው፦ ሶፕራኖ ነሽ፣ የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የጁሊዮ ካቺኒን «አማሪሊ ሚያ ቤላ» የሚባል የፍቅር ዘፈን ለኮንሰርት እያዘጋጀሽ ነው፣ ከሁለት አጃቢዎች ጋር ሞክረሽዋል፣ አንደኛው በየባሩ አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ያስቀምጥና ዝም ይላል፣ ሌላኛው ደሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አርፔጂዮ፣ ማለትም የኮርዱን ድምፆች አንድ በአንድ እየበተነ፣ ያወርደዋል፣ ሁለቱም «በዘመኑ የነበረው አጨዋወት ይሄ ነው» ይሉሻል፣ አንቺም ማንን ልመን ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ ቴኦርቦ፣ አንገተ ረጅሙን የሉት ዓይነት፣ ይዤ ዘፋኝ ሳጅብ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚያወሩት፣ ለሁለቱም ማስረጃ አለ። ችግሩ ማስረጃው የተለያየ ከተማ፣ የተለያየ መሣሪያ፣ የተለያየ ዓይነት ዘፈን ነው፣ እነሱ ደሞ አንድ ላይ ጨፍልቀው «ባሮክ» ይሉታል።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሁለቱ ሰዎች የያዙት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነው? ይሄን የምልሽ ዘፋኞች ብዙ ጊዜ ሆዱ ክብ የሆነውን ሁሉ ሉት ብለው ስለሚያልፉት ነው። ሉት ያው የኡድ ዘር ነው፣ ስሙም የመጣው ከዐረብኛው አል-ዑድ ነው፣ አውሮፓ ከገባ በኋላ አንገቱ ላይ ፍሬት (ክሩ የሚያዝበትን ቦታ የሚለይ ማሰሪያ) ታሰረለት። በ1500ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ግን ጣሊያን ውስጥ ሌላ ነገር ተወለደ፣ ኪታሮኔ ይሉታል ቴኦርቦም ይሉታል፣ አንገቱ ተቀጥሎ ተቀጥሎ አንዳንዱ ቁመቱ 2 ሜትር የሚጠጋ ነው። አሌሳንድሮ ፒቺኒኒ በ1623 ቦሎኛ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ እንዴት እንደመጣ ይተርካል፦ ቦሎኛ ውስጥ የሚሠሩ ትልልቅ ሉቶች ነበሩ፣ ሰዎች ለዘፈን ማጀቢያ እንዲሆኗቸው ከፍ አድርገው ሊቃኟቸው ፈለጉ፣ ቀጭኑ ክር ግን እዛ ድረስ አልደርስ አለ። የዛን ጊዜ ክር የበግ አንጀት ነው፣ እንደኛ በገና ማለት ነው፣ ከልኩ በላይ ከወጠርሽው ይበጠሳል። ስለዚህ አንደኛውን ክር አውጥተው ወፈር ያለ አስገቡና አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ስምንት ድምፅ፣ ዝቅ አርገው ቃኙት፣ ቆይቶ ሁለተኛውንም እንደዛው አደረጉት። እና ቴኦርቦ ላይ ከፍተኛውን ድምፅ የሚሰጠው ከላይ ያለው ክር ሳይሆን 3ኛው ክር ነው፣ እሱም ኤ ላይ በተቃኘ ቴኦርቦ ከሚድል ሲ አንድ ግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ ያለው ቢ ነው።

ይሄ ላንቺ ምን ያደርግልሻል ብትይ፣ እስቲ የአማሪሊን የመጀመሪያ ኮርድ አብረን እንያዘው። ጂ ማይነር ነው፣ አንቺ ዲ ላይ ነው የምትነሺው። ቴኦርቦው ላይ 7ኛው ክር ባዶውን ጂ ነው፣ 5ኛው ባዶውን ዲ፣ 4ኛው ባዶውን ጂ፣ 1ኛው ክር የመጀመሪያ ፍሬት ላይ አንድ ጣት ስታሳርፊ ቢ ፍላት ይመጣል። አለቀ፣ አራት ድምፅ በአንድ ጣት። ባዶ ክር ደሞ ሲመታ ቶሎ አይሞትም፣ ረጅሙ ቤዝ ከስር ሲያስገመግም ይቆያል። የኮርዱ የላይኛው ድምፅ ቢ ፍላቱ ነው፣ አንቺ ካለሽበት ዲ ከአንድ ኦክታቭ በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ማለትም በመሃላችሁ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፣ እዛ ቦታ ላይ ማንም አይነካሽም። አሁን ያንኑ ኮርድ ጂ ላይ በተቃኘ ተራ ሉት ያዢው፣ የላይኛው ክር ባዶውን ጂ ነው፣ ካንቺ በአንድ ኩዊንት (አምስት ድምፅ) ብቻ ዝቅ ይላል፣ ድምፁም ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት አርፔጂዮ ቴኦርቦ ላይ ከእግርሽ ስር እንደተነጠፈ ምንጣፍ ነው፣ ሉት ላይ ግን ሁለተኛ ዘፋኝ ይሆንብሻል። አርፔጂዮ የሚያወርደው ሰውዬ ሉት ከሆነ የያዘው ለምን እንዳስጨነቀሽ ይገባኛል።

ወደ ካቺኒ ልመለስ። አማሪሊ ያለችበት መጽሐፉ «ሌ ኑዎቬ ሙዚኬ» ፍሎረንስ ላይ የወጣው በ1602 ነው፣ የፍሎረንስ አዲስ ዓመት ማርች 25 ላይ ይጀምር ስለነበረ ሽፋኑ 1601 ይላል፣ ሁለቱንም ዓመት ተጽፎ ብታይ ግራ አይግባሽ። መግቢያው ላይ ራሱ ካቺኒ ድምፅን ለማጀብ በተለይ ደሞ ቴነርን ለማጀብ ከኪታሮኔ የሚሻል መሣሪያ የለም ይላል። ገጹ ላይ ግን ያለው የዘፋኙ መስመር፣ ከስሩ ቤዙ (ዝቅተኛው መስመር)፣ ቤዙ ላይ አልፎ አልፎ ኮርዱን የሚጠቁም ቁጥር፣ በቃ ይሄው ነው። የመሃሉ ድምፅ አልተጻፈም፣ አጨዋወቱንም ቁጭ ብሎ አላብራራም፣ አንቶኒዮ ናልዲ የሚባል የዘመኑን ጎበዝ ኪታሮኔ ተጫዋች አመስግኖ አልፏል። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ «ያልተጻፈ ስለሆነ እንደፈለግን እንሙላው» ይላል፣ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቱም እዛው መግቢያ ላይ አንዲት ትንሽ መመሪያ ሰጥቷል፣ እሷን ደሞ ማንም ልብ ብሎ አያነባትም። ቤዙ ላይ አንዳንድ ቦታ ሁለት ኖታ በቅስት የታሰረ ታያለሽ፣ ይሄን ያሰርኩት ይላል፣ ኮርዱ አንዴ ከተመታ በኋላ ቁጥር የተጻፈበት ድምፅ ብቻ ደግሞ እንዲመታ ነው። አየሽ፣ ቤዙ አይደገምም፣ ኮርዱም አይደገምም፣ ከመሃል አንዲት ክር ብቻ ናት የምትንቀሳቀሰው። ዜማው ሊያርፍ ሲል 11 ከዛ ዲያዝ (ድምፁን ግማሽ ቶን ከፍ የሚያደርግ ምልክት) ያለበት 10 ተጽፎ ስታዪ፣ ከቤዙ በላይ ኦክታቭ ሲደመርበት አራተኛው ወደ ሦስተኛው እየወረደ ነው ማለት ነው፣ ቁጥሩ 4 እና 3 ሳይሆን 11 እና 10 የሆነውም ድምፁ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዲሆን እንደሚፈልግ ስላወቀው ነው። ይሄን የጻፈ ሰው ግድ የለሽ አይደለም፣ የት ዝም እንደሚባል ያውቃል።

ስለዚህ ለአማሪሊ የመጀመሪያው አጃቢሽ ወደ ካቺኒ ይቀርባል። ግን ቆይ፣ እሱም ሙሉ ልክ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ሰውዬ የሚያስበው ሌላ ሀገር ሊሆን ይችላል። በ1610 ለንደን ላይ የጆን ዳውላንድ ልጅ ሮበርት ዳውላንድ «ኤ ሙዚካል ባንኬት» የሚባል ስብስብ አሳተመ፣ እዛ ውስጥ ይቺው አማሪሊ አለች። ግን እንግሊዞቹ ቤዝና ቁጥር ሰጥተው አልተዉትም፣ እያንዳንዱን ኮርድ ለሉት በታብላቸር ጽፈው አስቀመጡት፣ የትኛው ክር የትኛው ፍሬት ላይ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ከጎኑ ደሞ ለቤዝ ቫዮል፣ በቀስት ለሚጫወቱት ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ የሚሆን መስመር። በነሱ ልማድ ልክ ነበር፣ ጆን ዳውላንድ በ1597 ካሳተመው የመጀመሪያ የዘፈን መጽሐፉ ጀምሮ ሉቱ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ክፍል ይጻፋል፣ ውስጡ የሚንቀሳቀሱ ድምፆች አሉ፣ ዘፋኙ ሲያርፍ ሉቱ ወሬውን ይቀጥላል። የሙዚቃው ውበትም እዛ ላይ ነው። ፓሪስም ላይ ጋብሪኤል ባታይ ከ1608 ጀምሮ የቤተ መንግሥት ዘፈኖችን እየሰበሰበ ለሉት በታብላቸር ያሳትም ነበር። እና አንድ ተማሪ ዳውላንድን ሲጫወት አድጎ ድንገት ካቺኒ ቢሰጡት በለመደው እጅ ነው የሚሞላው፣ ባዶ ቦታ ሲያይ ያልተጻፈ ዜማ የጠፋ ይመስለዋል። አጥፍቷል አልልም፣ በ1610 ለንደን ውስጥ አማሪሊን የሰማ ሰው በዛ ዓይነት ሙላት ሊሰማት ይችላል። ፍሎረንስ ግን አይደለም፣ እንደዛ ማጀብ ከፈለጋችሁ የለንደኑን ኮፒ ይዛችሁ፣ ሉትና ቤዝ ቫዮል አርጋችሁ፣ አውቃችሁት ሥሩት፣ በጣም ያምራል።

ሮም ደሞ ሌላ ማስረጃ አለ፣ ለኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ካፕስበርገር በ1612 ያሳተመው የአንድ ድምፅ አሪያዎች መጽሐፍ ላይ ዘፋኙ አለ፣ ቤዙ አለ፣ የኪታሮኔው ታብላቸርም ተጽፏል። ካፕስበርገር እኮ ኪታሮኔ ላይ ማንም የማይደርስበት ሰው ነበር፣ በ1604 ለብቻ የሚጫወቱ ሥራዎቹን ሲያሳትም እጁ ምን ያህል እንደሚሮጥ አሳይቷል። ለዘፋኝ ሲጽፍ ግን ቀላል ኮርድ ነው የሚያስቀምጠው፣ ዘፋኙ ላይ ኖታው ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ጉንዳን ሲተራመስ ኪታሮኔው ከስር ረጋ ብሎ ይጠብቀዋል። ያ ሁሉ ችሎታ እያለው እጁን ሰብሰብ ማድረጉ ብዙ ነገር ይነግረኛል፣ እኔም ወጣት ተጫዋቾች ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የማሳያቸው ያንን ገጽ ነው።

አጋዛሪን ሳላነሳ አላልፍም። አጎስቲኖ አጋዛሪ በ1607 ሲዬና ላይ ስለ ቤዝ አጨዋወት አጭር ጽሑፍ አሳትሟል፣ መሣሪያዎቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል፣ መሠረት የሚሆኑና ጌጥ የሚሆኑ፣ ሉትና ቴኦርቦ ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፣ እንደ ቦታው። ዘፋኙ አንድ ሆኖ አጃቢውም አንድ ከሆነ መሠረት ነው፣ ኦርጋን ወይ ሃርፕሲኮርድ ከጎኑ ካለ ደሞ ጌጥ ሊሆን ይችላል። ያ ማለት ሁለተኛው አጃቢሽ የሚያደርገው ነገር ከጎኑ ኦርጋን ቢኖር ኖሮ የበለጠ ያስኬድ ነበር። ግን አጋዛሪ ለጌጡም ልክ አበጅቶለታል፣ እጃቸው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሮጡትን ይወቅሳል፣ በተለይ ሁሉም እንደዛ ሲያደርግ የሚሰማው ግርግር ብቻ ነው ይላል። መሠረት ለሚጫወተው ደሞ ከፍ ያሉትን ድምፆች ለዘፋኙ ተውለት፣ በተለይ ሶፕራኖዋ የምትዘፍነውን ያንኑ ኖታ በተቻለህ መጠን አትድገምባት ይላል። ይቺን ለሁለቱም አንብቢላቸው፣ ስላንቺ የተጻፈች ናት።

አሁን የመጀመሪያው ሰውዬ ላይ ያለኝን ልናገር። በየባሩ አንድ ኮርድ አስቀምጦ ዝም ማለት ገጹ ላይ ያለውን ማንበብ ነው፣ ማጀብ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ የዛን ዘመን ዘፋኞች ብዙዎቹ ራሳቸውን ነው የሚያጅቡት። በ1589 ፍሎረንስ በነበረው የሜዲቺዎች ሠርግ ቪቶሪያ አርኪሌይ ትልቅ ሉት ይዛ ራሷን እያጀበች ነው የዘፈነችው፣ ከሷ ጋር ሁለት ኪታሮኔ ነበር። የካቺኒ ልጅ ፍራንቼስካም እየተጫወተች ትዘፍን ነበር። የሚመታው እጅና የሚዘፍነው አፍ የአንድ ሰው ነው፣ ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው አንድ ትንፋሽ ነው። ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም፣ ክራር ይዞ የሚዘፍን ሰው ቁጭ ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ቃሉ ሲመጣ እጁ ይለዝባል፣ ትንፋሽ ሲወስድ እጁ ይሞላዋል፣ ማንም ሳይነግረው። ካቺኒ ስፕሬዛቱራ የሚለው፣ ጊዜውን ለቀቅ አርጎ እንደ ንግግር የመዝፈን ነገር፣ ከዚህ ዓይነት እጅ ነው የሚወለደው። ባሩን ቆጥሮ ኮርድ የሚያስቀምጥ ሰው ጋር ለቀቅ ማድረግ አትችዪም፣ የሚቀጥለውን ኮርድ ለመድረስ ትሮጫለሽ ወይ ትጠብቂዋለሽ። አቀናባሪው ሞንቴቬርዲ በ1638 ባሳተመው «የኒምፏ ለቅሶ» የሚባል ዘፈን ላይ ሦስቱ ወንዶች በእጅ ምት እንዲዘፍኑ፣ እሷ ግን በልቧ ስሜት ጊዜ እንድትዘፍን ለይቶ ጽፏል፣ ከስሯ ያለችው ቤዝ ደሞ አራት ኖታ ብቻ እየወረደች የምትደጋገም ናት፣ አጃቢው ማንን ይከተላል የሚለው ጥያቄ ያኔም ትልቅ ጥያቄ እንደነበር ከዚህ ይገባሻል።

በራሴ የደረሰ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ድንጋይ ቤተክርስቲያን ውስጥ ልምምድ ላይ ነበርን፣ ድምፁ እንደ ጉድ ያስተጋባል፣ እኔ ቦታው ትልቅ ነው ብዬ ኮርዶቹን እየደጋገምኩ እየሞላሁ ነበር። ዘፋኟ አቆመችና ወረቀቱን አስቀምጣ ግጥሙን ሳትዘፍን እንደ ተራ ወሬ አነበበችልኝ፣ ከዛ «አሁን ስናገር ብቻ አጅበኝ» አለችኝ። እያወራች እኔ ስከተላት ገባኝ፣ ከመታሁት ኮርድ ግማሹ ሰበብ የለውም፣ ዝምታውን ፈርቼ ነው የመታሁት። ከዛን ቀን ጀምሮ ማንኛውንም አዲስ ዘፈን በዚህ መንገድ ነው የምጀምረው፣ አንቺም ከፈለግሽ በሚቀጥለው ልምምድ ሞክሪው፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ኮርዱን መድገም ካስፈለገ ደሞ ሰበቡ ሦስት ነው እላለሁ። አንደኛ ድምፁ ሞቶ አንቺ አየር ላይ ስትቀሪ፣ ያኔ ሙሉውን መምታት አያስፈልግም፣ የረጅሙ ቤዝ ኦክታቭ ወይ ከመሃል አንድ ክር ይበቃል። ሁለተኛ ጠንካራ ቃል ሲመጣ። ሦስተኛ ትንፋሽ ስትወስጂ። አርፔጂዮውም ቢሆን ፍጥነቱ ይለያያል፣ ለስላሳ ቃል ላይ ከቤዙ ጀምሮ ቀስ ብሎ እየተከፈተ ይሄዳል፣ ቁጣ ላይ ሁሉም ክር በአንዴ ይመታል። ሌላው መታፈን ነው፣ ባዶው ቤዝ ካልታፈነ ያለፈው ኮርድ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፣ ስለዚህ በቀኝ እጅ አውራ ጣት ቤዙን መዝጋት የግድ ነው። ብዙ ጊዜ ዘፋኞች «ቴኦርቦ ያደበላልቃል» ሲሉ እሰማለሁ፣ የሚያደበላልቀው ያልታፈነው ክር ነው።

ሙላት መጥፎ ነው እያልኩ ግን አይደለም። የሞንቴቬርዲ ኦፔራ ኦርፌዎ፣ በ1607 ማንቱዋ የታየው ማለቴ ነው፣ ኦርፌዎ የሲኦልን ጀልባ ቀዛፊ ሲለምን «ፖሴንቴ ስፒርቶ» ብሎ የሚዘፍነው ቦታ ላይ የእንጨት ኦርጋንና አንድ ኪታሮኔ እንዲያጅቡት ተጽፏል። ኦርጋኑ ድምፁን ይዞ ይቆያል፣ ኪታሮኔው ደሞ መነሻውን ይሰጠዋል፣ እዛ ላይ ኪታሮኔው ዝም ቢል አይጎዳም፣ ቢናገርም ቦታ አለው። በ1600 የአቀናባሪው የፔሪ ኦፔራ ኤውሪዲቼ ፍሎረንስ ላይ ሲታይ ከመድረኩ ጀርባ ሃርፕሲኮርድ፣ ኪታሮኔ፣ ትልቅ ሊራና ትልቅ ሉት ነበር፣ ፔሪ ራሱ የተጫዋቾቹን ስም ጽፎታል። ቪላኔላ የሚባሉት ቀለል ያሉ ዘፈኖች ደሞ ከናካቴው ሌላ ዓለም ናቸው፣ እነሱን ጊታር ይዘሽ በምት ነው የምታጅቢያቸው። ሞንቴሳርዶ በ1606 ፍሎረንስ ላይ ያሳተመው አልፋቤቶ የሚባለው አጻጻፍ አለ፣ እያንዳንዱ ኮርድ አንድ ፊደል ነው፣ ኤ የሚለው ፊደል ጂ ሜጀር ነው፣ ቢ ደሞ ሲ ሜጀር፣ የዛሬውን ኮርድ አይተሽ ካነበብሽው ትሳሳቻለሽ። አማሪሊን ግን በጊታር ምት አታድርጉት፣ ቃሉ አይሸከመውም።

ለአማሪሊ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ቴኦርቦ ብቻ። መጀመሪያ ያልኩሽን የአንድ ጣት ጂ ማይነር ከቤዙ ጀምሬ ቀስ ብዬ እከፍትልሻለሁ፣ አንቺ ዲውን ይዘሽ እያሳደግሽው እኔ ምንም አልነካም፣ ካቺኒ እኮ የመጀመሪያውን ኖታ ማሳደግና ማሳነስ ላይ ብዙ የጻፈ ሰው ነው፣ እሱን ልሸፍንብሽ አልፈልግም። «ክሬዲሎ ፑር»፣ እመኚኝ ስትዪ ኮርዱ አንዴ ጠንከር ይላል። «አፕሪሚ ኢል ፔቶ»፣ ደረቴን ክፈቺው የሚለው ላይ በአንዴ እመታና እጄን አነሳለሁ፣ «በልቤ ተጽፎ ታያለሽ» እስክትዪ ቤዙ ብቻ ይቀራል። መጨረሻ ላይ የአማሪሊን፣ የተወዳጇን ሴት ስም ደጋግመሽ ስትጠሪ እያንዳንዱን ጥሪ በተለያየ ኮርድ አቀማመጥ እቀበልሻለሁ፣ አንዱን ዝቅ አርጌ ሌላውን እስከ 3ኛው ክር አውጥቼ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ አንቺ ጌጡን ስትጨምሪ እኔ እቀንሳለሁ።

ሁለቱን ሰዎች ደሞ እንዲህ በያቸው፣ ዝምተኛውን «ትንፋሽ ስወስድ ሙላልኝ»፣ ሯጩን «እስካርፍ ድረስ ጠብቀኝ»። የያዙት መሣሪያ ሉት ይሁን ቴኦርቦ፣ ኤ ይሁን ጂ ላይ የተቃኘ፣ አዳራሹም ምን ያህል እንደሚያስተጋባ ጻፊልኝና የኮርዱን አቀማመጥ ባር በባር አብረን እናየዋለን።